አበቅቴና ኤፓክታ፦ የካቶሊክ እምነት፣ ሥነ ፈለክና የእኛ ባሕረ ሐሳብ

(በሞላሌ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዚህ ንግግር ርእስ ሲለጠፍ ግራ የተጋቡ ሰዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ። «የካቶሊክ እምነትና የሰማይ ጥናት መንዝ ላይ ምን አገናኛቸው?» ብለው የጠየቁ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምላሼም አንድ ቃል ነው፦ ፋሲካ።

ነገሩን ከቤቴ ልጀምር። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ባሕረ ሐሳብን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እየቈጠሩ የሚያወጡ፣ የመጪውን ዓመት ጾምና በዓል ከማንም የታተመ ሰሌዳ ቀድመው ለደብሩ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. እኔ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ለፋሲካ ወደዚህ ተመለስኩ። አዲስ ምሩቅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በሕማማት ሳምንት፣ ሰዎች በተሰበሰቡበት፣ የአጎቴ ቍጥር ከሰማዩ ጋር እንደማይገጥም ተናገርኩ። ጨረቃ ሙሉ የሆነችው ሚያዝያ 17 ቀን ነው፤ በእርሳቸው ቍጥር ግን ዐሥራ አራተኛዋ ሌሊት የቀዳም ሥዑር ዕለት ሚያዝያ 22 ላይ ትውላለች። አጎቴ አልተቈጡም፤ በዚያ ጉባኤ ፊትም ምንም አልመለሱልኝም።

የቀዳም ሥዑር ሌሊት ግን ከቅኔ ማኅሌት ወጥተው ባናቸውን ተከናንበው ወደ እኔ መጡና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በስተ ምሥራቅ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ብርዱን የሞላሌ ሰው ስለሆናችሁ አልነግራችሁም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ጨረቃዋ ጎኗ ጎድሎ ወጣች። «አየሃት?» አሉኝ። «አየኋት፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይህን እኔም አውቀዋለሁ፤ መምህሬም ያውቁት ነበር። ጨረቃዋ ከቍጥሩ ትቀድማለች። ታዲያ እኔ እዚህ ሞላሌ ላይ ቆሜ ባቀናው ከማን ጋር ልጹም? ከማንስ ጋር ልፈስክ?» አሉና ወደ ማኅሌቱ ተመለሱ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። የዛሬው ንግግሬ ከእርሱ ጋር የማደርገው ሙግት ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

በመጀመሪያ ቍጥሩ ምን እንደሚል እንይ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ስሙን እንጂ ስልቱን እንደማያውቁት እገምታለሁና። ሁላችንም የምናስታውሰውን የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ እንውሰድ። 5500 እና 2017 ሲደመሩ ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን በ30 ስንገድፍ አበቅቴው 1፣ በ19 አባዝተን በ30 ስንገድፍ ደግሞ መጥቅዑ 29 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸው ሒሳቡ አለመሳሳቱን ይመሰክራል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 በዚያ ዓመት ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29 እና 4 ሠላሳ ሦስት፤ በ30 ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ስንቈጥር ሚያዝያ 12 እሑድ ላይ እናርፋለን።

ስሌቱ በጣት ያልቃል። ከጀርባው ያለው ግን ተራ ነገር አይደለም። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል የሚለው ግኝት ነው። ንኡስ ቀመር የምንለው ይኸው 19 ዓመት ነው፤ አራት ጊዜ ሲደጋገም ማዕከላዊ ቀመር፣ 76 ዓመት፤ ከሳምንቱ ቀናትና ከሰግር ዓመታት ጋር ሲዋሐድ ዐቢይ ቀመር፣ 532 ዓመት ይሆናል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህን ድርሰት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። ሙያው ከእስክንድርያ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሄደ፤ አንዱ ወንዙን ተከትሎ ወደ እኛ፣ ሌላው ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሮም። የእኛ «አበቅቴ» እና የላቲኖቹ «ኤፓክታ» አንድ የግሪክ ቃል ናቸው። እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

ይሁን እንጂ «እኩል ናቸው ማለት ይቻላል» ያልኩትን ልብ በሉ። በየ19 ዓመቱ ጨረቃ ከቍጥሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች፤ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ፀሐይም እንዲሁ ናት። ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ስንለው በ11 ደቂቃ ያህል እናስረዝመዋለን፤ ይህ በ128 ዓመት አንድ ቀን ነው። በእስክንድርያ ቍጥር ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ዕለት መጋቢት 25 ላይ ተተክሏል፤ በሰማይ ግን በ2017 ዓ.ም. መጋቢት 11 ቀን ነበር። በዚያው ዓመት ሙሉ ጨረቃ ሚያዝያ 5 ሌሊት ታየች፤ በባሕረ ሐሳብ ግን ዐሥራ አራተኛዋ ሚያዝያ 9፣ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ናት። አራት ቀን ልዩነት።

ሮምም ይህ ችግር ነበረባት። በ325 የተሰበሰበው ጉባኤ ኒቅያ ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድነት እንዲያከብሩ አዝዟል፤ ስለዚህ የሰማዩን ጉዞ ማወቅ ለቤተ ክርስቲያን ትርፍ ነገር ሳይሆን የሥርዐተ አምልኮ ግዴታ ሆነ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ አሎይስዮስ ሊልዮስ አዲስ የኤፓክታ ስልት ቀመረ፤ ኢየሱሳዊው የሒሳብ ሊቅ ክሪስቶፎር ክላቪዮስ ደገፈውና አብራራው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ በየካቲት 1582 ዐወጁት። ከጥቅምት 4 ሐሙስ ቀጥሎ ጥቅምት 15 ዓርብ ሆነ። ዐሥር ቀን ከመዝገብ ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላም ጥናቱ አልቆመም። የቦሎኛን የቅዱስ ጴጥሮንዮስ ቤተ ክርስቲያን ላስታውሳችሁ። በ1655 ካሲኒ የተባለው የከዋክብት መርማሪ በጣሪያው ላይ ቀዳዳ አበጅቶ፣ 67 ሜትር የሚረዝም መሥመር በወለሉ ላይ አስነጠፈ። ቀትር ላይ የፀሐይዋ ክብ ብርሃን መሥመሩን ታቋርጣለች፤ የት ላይ እንዳቋረጠች በማየት የዓመቱ ርዝመት ይለካል። ቅዳሴ የሚቀደስበት ሕንፃ ራሱ የመመልከቻ መሣሪያ ሆነ። ሥነ ፈለክና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲነሡ ሁሉም ሰው የጋሊሌዮን ስም ብቻ ያነሣል፤ የጋሊሌዮ ነገር እውነት ነው፤ እመጣበታለሁ። ነገር ግን ለፋሲካ ሲባል ለዘመናት የተከፈለው ድካም ከእርሱ ጋር መነገር አለበት።

እንግዲህ ወደ እኛ አገር እንመለስ።

ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ ሰው አክባሪ፣ ታጋሽ ነበር፤ ዐፄ ሱስንዮስንም ወደ ሮም እምነት የሳበው በክርክርና በወዳጅነት ነው። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። በየካቲት 1626 ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ በደንቀዝ ለሮም መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ ካህናቱ እንደገና እንዲሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ ተደረገ፤ ጾሙና በዓሉም በሮም ቍጥር እንዲሆን ታዘዘ።

እስቲ ይህን በአንድ ገበሬ ቤት ዐስቡት። ሥላሴና ባሕርይ፣ አንድ አካልና ሁለት ባሕርይ የሊቃውንት ክርክር ነው፤ እርሱ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ቢሰማው እንኳ ሁሉንም አይከተለው ይሆናል። ጾም የሚገባበት ቀን ግን እስከ ማጀቱ ይዘልቃል። ሚስቱ ወተቱን የምታነሣበት ቀን፣ በግ የሚታረድበት ቀን፣ አባቱ የሞተበት ዝክር የሚወጣበት ቀን ተለወጠ። ጎረቤቱ ሲጾም እርሱ ይፈስካል፤ እርሱ ሲጾም ጎረቤቱ ይፈስካል። አዋጁን የሚያስፈጽመው ደግሞ የንጉሥ ወታደር ነው።

በላስታና በሌሎችም አውራጃዎች ዐመፅ ተነሣ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሱስንዮስ ለሕዝቡ ጥቂት ነገር እንዲመለስለት ፓትርያርኩን ለመነ። ሜንዴዝ የቀደመው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀጥል፣ በዓላት በጥንቱ ቍጥር እንዲከበሩ፣ የፈለገም ከቅዳሜ ይልቅ ረቡዕን እንዲጾም ፈቀደ። አንድ ነገር ብቻ ለየ፦ ፋሲካንና ከፋሲካ ጋር የሚወጡ የሚወርዱትን አጽዋማትና በዓላት። እነዚያ በሮም ቍጥር ይቀጥሉ ተባለ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ አጎቴ ትዝ ይሉኛል። መልቀቅ ከነበረበት ነገር ሁሉ ያልለቀቀው ሰው አብሮ የሚጾምበትንና የሚፈስክበትን ቀን ነው።

በሰኔ 1632፣ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ፣ ሱስንዮስ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀና መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። በዚያው ዓመት ሞተ። ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ።

አሁን ቀኖቹን አስተያዩልኝ። ጋሊሌዮ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ የሚደግፈውን «ውይይት» የተባለ መጽሐፉን በፍሎረንስ ያሳተመው በየካቲት 1632 ነው። በሰኔ 1633 በሮም ተፈርዶበት ሐሳቡን እንዲክድ ተገደደ። በሁለቱም ጊዜ በመንበሩ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን 8ኛ ናቸው። በጣልያን ትክክለኛ ሥነ ፈለክ በሥልጣን ታፈነ፤ በእኛ አገር የተሻለ ሥነ ፈለክ በሥልጣን ተጫነ። የሜንዴዝ ፋሲካ ከእኛው ይልቅ ለሰማይዋ ጨረቃ የቀረበ ነበር፤ ይህን መካድ ለአንድ የሳይንስ መምህር አይገባውም። የሚገርመው ነገር ሜንዴዝ ኤፓክታውን ይዞ የመጣው አበቅቴ ወዳለው ሕዝብ መሆኑ ነው። ከደብተራዎቹ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጦ ጨረቃዋን አብሮ ቢመለከት፣ ሁለቱም የእስክንድርያ ልጆች ስለነበሩ የሚግባቡበት ቋንቋ ነበራቸው። ፓኤዝ በሕይወት ቢቈይ ምናልባት ያደርገው ነበር እላለሁ። ይህ ግምት መሆኑን አልክድም፤ የታሪክ ባልደረቦቼ «ቢሆን ኖሮ» የሚባል ነገር እንደማይወዱም አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጥኜ ልለፈው። ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1839 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ሲመጣ ከሜንዴዝ ስሕተት ተምሮ የግእዙን ሥርዐት ጠበቀ። ወደ እኛም ሸዋ አቡነ ማስያስ በ1868 መጥተው፣ ከዚህ ሩቅ ባልሆነው በልቼ ከምኒልክ ጋር ተገናኙ፤ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ግፊት እስኪወጡ ድረስ ዐሥር ዓመት በላይ ቈይተዋል። በሮም በኩል ደግሞ ሊዮን 13ኛ በ1891 የቫቲካንን የከዋክብት መመልከቻ እንደገና አቋቋሙ። ይህ ተቋም እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ነበር፤ በዚያው አትክልት ውስጥ ከ1930 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ቆሟል። ለጥቂት ዓመታት የግእዝ ማኅሌትና የከዋክብት መነጽር በአንድ አጥር ውስጥ ጎረቤት ሆነው ከርመዋል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ቤልጅየማዊው ካህን ዦርዥ ሌሜትር ዓለማት እየተራራቁ መሆናቸውን በ1927 በስሌት አሳየ፤ በ1931ም ሁሉ ነገር ከአንድ ጥንተ አቶም መጀመሩን የሚገልጽ ሐሳብ አቀረበ። በ1951 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይህን ሐሳብ ለፍጥረት ትምህርት ምስክር አድርገው ሲናገሩ፣ ካህኑ ሌሜትር ደስ አላለውም። ሐሳቡ የሒሳብ ሐሳብ ነው፤ ነገ ሊሻሻል ይችላል፤ እምነትን በላዩ መትከል ለሁለቱም አይበጅም ብሎ ያምን ነበር። ተማሪዎቼ የመጽሐፈ ሄኖክን 364 ቀን ያለው ዓመት ይዘው «ይህ ሳይንስ ነው» ወይም «ይህ ተረት ነው» እያሉ ሲከራከሩ የማስታውሰው እርሱን ነው። የሄኖክ መጽሐፍ የፀሐይን መውጫና መግቢያ በስድስት በሮች ከፍሎ የቈጠረ እጅግ የጥንት ትዝብት ነው፤ እንደዚያው ይነበብ። የዛሬን ቴሌስኮፕ እንዲደግፍ አትጠይቁት።

ወደ ፋሲካው ልመለስና ነገሬን ልቋጭ። ከእናንተ ብዙዎቹ የማታውቁትን ልንገራችሁ። ዛሬ በኢትዮጵያ ያለችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን የምታከብረው መቼ ነው? ከእኛ ጋር፣ በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ነው። ልደትንም ታኅሣሥ 29 ታከብራለች። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ በአንድ አገር ያሉ ክርስቲያኖች ፋሲካን በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ የየቦታው የበላይ አባቶች መስማማት እንደሚችሉ ፈቅዷል። በ1632 ብዙ ሺህ ሰው የሞተበትን ነጥብ፣ የሮም ጉባኤ ከ332 ዓመት በኋላ በአንድ አንቀጽ ለቀቀው። በጨረቃ ረገድ ወደ ኋላ ተመልሰዋል፤ በጎረቤት ረገድ ወደ ፊት ሄደዋል።

«ታዲያ ባሕረ ሐሳብ ይታረም ወይስ አይታረም?» ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በ1997 በሶርያ ሐለብ የተሰበሰቡ የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ሁሉም በአንድነት፣ በኢየሩሳሌም ሰማይ ልክ፣ በትክክለኛ የሥነ ፈለክ ስሌት ፋሲካን እንዲያወጡ ሐሳብ አቅርበው ነበር። እኔ እንደ ሳይንስ ሰው ይህን እደግፋለሁ። ግን «በአንድነት» የሚለው ቃል ከተነሣ ሐሳቡን አልደግፈውም። እንግሊዞች የጎርጎርዮስን ቍጥር ለመቀበል 170 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ስሌቱ ስሕተት መስሏቸው አልነበረም፤ ከሮም ስለመጣ ነበር። እኛም በራሳችን ምክንያት ዘግይተናል፤ የመዘግየታችንም ዋጋ በደም ተከፍሎበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ማረም የሚቻለው የሚያውቀው ሰው ሲኖር ነው። አጎቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። በጣት አንጓ የሚያወጡበትን መንገድ ቁጭ ብዬ አልጻፍኩትም፤ የውጭ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ቀመር የጻፉትን ሳነብ፣ የኖይገባወርን ትልቅ ጥናት ሳገላብጥ፣ ባለቤቱ በቤቴ ነበሩ። ስንፍናው የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብበውም። ዛሬ እዚህ ከተማ የነነዌን መግቢያ ሰው ከታተመ ሰሌዳ ወይም ከስልኩ ያያል። ስልኩ ቀኑን ይነግረዋል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግረውም። በእንጦጦ ጫፍ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ መልካም ነው። ግን ወደ እንጦጦ ከመሄዳችሁ በፊት በራሳችሁ ደብር ያሉትን መምህር ጠይቁ። መዝገብና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢፈቅዱላችሁ ድምፃቸውንም ቅረጹ።

የቤት ሥራ ሳልሰጥ ከመድረክ መውረድ አልችልበትም። በ2020 ዓ.ም. የእኛና የሮም ፋሲካ እንደገና በአንድ ቀን ይውላሉ፤ በ2017ም እንዲሁ ነበር። ቀኑን አልነግራችሁም። ዓመተ ዓለሙ 7520 ነው፤ መጥቅዑ 26 ከሆነላችሁ መንገዱን ይዛችኋል። መስከረም 26 በዚያ ዓመት ሐሙስ ናት። ከዚያ በኋላ ቍጥሩ ያወጣውን ዐሥራ አራተኛ ሌሊት ፈልጋችሁ፣ ሲደርስ እዚሁ ሞላሌ ላይ ውጡና ጨረቃዋ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ መዝግቡልኝ። ባና መደረባችሁን አትርሱ።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ።